ትከሻ ዳነ የሚባለው መቼ ነው?

የትከሻ ጅማት ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው ወደኔ ሲመጣ፣ ክንዱን ከመለካቴ በፊት እንዲህ ብዬ እጠይቃለሁ፦ «ምን መሥራት ሲችሉ ነው ድኛለሁ የሚሉት?» ጎንደር ውስጥ በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ከዚህ ጥያቄ የበለጠ የረዳኝ የለም።

አንዲት የአዘዞ እናት የመለሱልኝን አልረሳም። እንጀራ ጋግረው ነው የሚተዳደሩት። ስለ ምጣዱ ወይም ስለ ሹሩባቸው ያወራሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «ልጄ፣ ለሕማማት እንደ ሰው መስገድ ነው የምፈልገው» አሉኝ። ስግደት ማለት መዳፍን መሬት ላይ አሳርፎ የሰውነትን ክብደት በትከሻ መሸከም ነው። ለተሰፋ ጅማት ቀላል አይደለም። የትከሻን ሁኔታ በነጥብ በምንለካባቸው፣ እኔ በማውቃቸው ቅጾች ላይ ደግሞ ይህ ጥያቄ የለም።

ቅጾቹን አላጣጥልም፤ ያለ እነሱ መሥራትም አልፈልግም። አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የኮንስታንት ነጥብ የሚባለው ቅጽ፣ ከ100 ይታሰባል፦ ለሕመም 15፣ ለዕለት ተዕለት ሥራ 20፣ ለክንድ እንቅስቃሴ 40፣ ለጉልበት 25። ልብ በሉ፣ 65ቱን የሚለካው ባለሙያው ነው። ታካሚው ስለ ራሱ የሚናገረው የ35ቱን ብቻ ነው። የአሜሪካ የትከሻና የክርን ሐኪሞች ቅጽ፣ እሱም ከ100 የሚታሰብ፣ በአንጻሩ ታካሚውን ነው የሚጠይቀው፤ ግማሹ ስለ ሕመም፣ ግማሹ ስለ ሥራ። ከአሥሩ የሥራ ጥያቄዎች አንዱ ኳስ ከራስ በላይ ስለ መወርወር ነው። እማማ «ኳስ ወርውሬ አላውቅም» ሲሉኝ ምን ልሙላ?

ነጥቡ ከፍ ማለቱም ብቻውን አይበቃም። ስንት ሲጨምር ነው ታካሚው ለውጡ የሚሰማው? ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ለዚህ መለኪያ አበጁለት፤ ታካሚው ጠቀመኝ የሚለው ትንሹ ለውጥ ማለት ነው። ችግሩ ቁጥሩ አንድ አለመሆኑ ነው። ለአሜሪካኑ ቅጽ፣ ጅማት ከተሰፋ በኋላ፣ አንዱ ጥናት 11 ነጥብ ገደማ ሲል ሌላው 27 ገደማ ይላል። አንዳንዱ «ተሽሎሃል ወይ?» ብሎ ጠይቆ ከነጥቡ ጋር ያመሳክራል፤ ሌላው የታካሚዎቹ ነጥብ እርስ በርሱ ምን ያህል እንደሚራራቅ አይቶ ያሰላል። ስለዚህ 15 ነጥብ የጨመረ ሰው በአንዱ የተሻለው፣ በሌላው ያልተሻለው ይሆናል። ሰውየው ግን ያው ነው፣ ትከሻውም ያው።

በዚያ ላይ ቁጥሩ የተሰላው ከብዙ ሰው ነው። 80 ላይ የጀመረ ሰው 27 የሚጨምርበት ቦታ እንኳ የለውም። ለዚህ ነው «አሁን ባሉበት ሁኔታ ቢቀጥሉ ይስማማዎታል?» የሚለውን ጥያቄ የምወደው። ምን ያህል ለውጥ መጣ ሳይሆን የደረሱበት ይበቃል ወይ ነው የሚለው። ምስልም ቢሆን የመጨረሻውን ቃል አይናገርም። በአልትራሳውንድ ሲታይ ጅማቱ ዳግም የተቀደደ፣ ሕመሙ ግን የቀለለለትና ሥራውን የሚሠራ ሰው አለ።

እማማ ክንዳቸው ከራሳቸው በላይ ይወጣል፤ ሌሊትም ይተኛሉ። በየትኛውም ቅጽ ተሽሏቸዋል። እኛ ግን አላቆምንም። ሐኪማቸው ክብደት ማሳረፍን ከፈቀደ በኋላ በግድግዳ ጀመርን፤ መዳፍ ግድግዳ ላይ፣ ገፋ ማድረግ፣ መመለስ። ቀጥሎ ጠረጴዛ ላይ። ወለሉ ይቀራል። ካርዳቸው ላይ ከነጥቡ ጎን «ስግደት፦ ጠረጴዛ» ብዬ ጽፌአለሁ።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል። ብዙዎች ከቀዶ ጥገና በፊት የተሞላ ቅጽ ሳይኖራቸው ነው የሚመጡት። መነሻው ካልታወቀ ምን ያህል ተሻለ የሚለውን ማስላት አይቻልም፤ በግምት መናገር ብቻ ነው የሚቀረው። በቅርቡ ለትከሻ ቀዶ ጥገና የምትገቡ ካላችሁ፣ ወይም እናት አባታችሁን የምታስገቡ፣ ከቀኑ በፊት ቅጹን አስሞሉ። ከጎኑም መሥራት የናፈቃችሁን ነገር በራሳችሁ ቃል ጻፉና ካርዱ ውስጥ እንዲገባ ጠይቁ።