አንድ ግሥ ያስከተለብኝ የሰባት ወር ክርክር

በ2010 ዓ.ም. ከአንድ ጎረቤቴ ጋር በአጥር ወሰን ምክንያት ተጨቃጨቅን። ነገሩ ከቃል አልፎ ሰውዬው የሸሚዜን ኮሌታ ያዘኝ፤ ለማስለቀቅ ገፋ ሳደርገው ተሰናክሎ ወደቀና ከንፈሩ ተሰነጠቀ። በማግስቱ ጠዋት ፖሊስ መጥቶ ወሰደኝ። ስለ ወንጀል ክስ ከዚያ በፊት የነበረኝ እውቀት ከዜና የለቀምኩት ብቻ ስለነበር፣ ንጹሕ ሰው እውነቱን በግልጽ ከተናገረ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል ብዬ አምን ነበር፤ በኋላ ለወራት ያንከራተተኝም ይኸው እምነቴ ነው።

መርማሪው ቃሌን ከመቀበሉ በፊት፣ ያለመናገር መብት እንዳለኝና የምሰጠው ቃል በፍርድ ቤት በማስረጃነት ሊቀርብብኝ እንደሚችል ነግሮኛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 2 እና ክሴ ይመራበት የነበረው፣ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 27 የሚያዝዙት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ቅጹ ላይ የታተመውን በጥድፊያ ሲያነበንበው እንደ ሥርዓት ማሟያ ቆጥሬ አለፍኩት። ዝም ማለትም የጥፋተኛ ጠባይ መሰለኝና ከአጥሩ ታሪክ ጀምሬ አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። እኔ ያልኩት «ኮሌታዬን ለማስለቀቅ ገፋ አደረግሁት» ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን «በመካከላችን በተነሣው ጠብ ገፍትሬ ጣልኩት» የሚል ነበር። መርማሪው ክፉ አስቦ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ረጅም ንግግሬን ሲያሳጥር እጁ የለመደውን አጻጻፍ የተከተለ ይመስለኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሁለቱን ገጽ ሳላነብ ፈረምኩ። ገፋ ማድረግ ራስን ማላቀቅ ሲሆን ገፍትሮ መጣል ጥቃት ነው፤ ኮሌታዬ መያዙም ከነጭራሹ አልተጻፈም። ቃሌ እንዲነበብልኝ መጠየቅ፣ ያላልኩት ነገር ካለ ከመፈረሜ በፊት እንዲታረም ማድረግ፣ ወይም ጠበቃ ሳላማክር ቃል አልሰጥም ማለት እችል ነበር።

የተያዘ ሰው፣ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ እኔም በሁለተኛው ቀን ቀረብኩ። ፖሊስ ምስክር አልሰማሁም፣ የሐኪም ማስረጃም አልደረሰኝም በማለት የ14 ቀን ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ምርመራውን እስኪጨርስ አሥሮ የሚያቆየኝን ጊዜ፣ ጠየቀ፤ ይህ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት በአንድ ጊዜ ሊፈቀድ የሚችለው ከፍተኛው ነው። ዳኛዋ የምለው እንዳለ ሲጠይቁኝ ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ ሥራዬና ስለ ጎረቤቴ ጠባይ ማውራት ጀመርኩ። አንዱም ለቀረበው ጥያቄ መልስ አልነበረም። አምስት ቀን ተፈቀደ።

በእነዚያ ቀናት እህቴ ስትጠይቀኝ ሕግ የተማረ ጓደኛዋን ይዛ መጣች፤ ቤተሰብ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪምና የሕግ አማካሪ ታሳሪን መጎብኘታቸው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የተጠበቀ መብት ነው። እሱ የመከረኝ አጭር ነገር ነበር፦ ፖሊስ «ይቀረኛል» የሚለውን ሥራ አንድ በአንድ አንሣና የአንተ መታሰር ለዚያ ሥራ ምን እንደሚጠቅም ጠይቅ። በሁለተኛው ቀጠሮ ምስክሮቹ ቃላቸውን ሰጥተው መጨረሳቸውን፣ የሐኪም ማስረጃው በሆስፒታሉ እጅ ስለሆነ ላጠፋው እንደማልችል፣ ቋሚ አድራሻ እንዳለኝ አስረዳሁ። ይህም ዋስትና በሚከለከልባቸው በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 67 ምክንያቶች ላይ ያነጣጠረ መልስ ነበር፤ ምክንያቶቹም የዋስትናውን ግዴታ አለማክበር፣ ሌላ ወንጀል የመፈጸም ሥጋትና ምስክርን ወይም ማስረጃን ማበላሸት ናቸው። በዚያው ዕለት በዋስ እንድለቀቅ ታዘዘ። እንደ እኔ ባለ፣ ጽኑ እሥራት በማያስከትል ክስ ፖሊስ ራሱ በአንቀጽ 28 በዋስ ሊለቀኝ ይችል እንደነበር የሰማሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ዐቃቤ ሕግ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 556 በቀላል የአካል ጉዳት ከሰሰኝ። ክሱ ተነቦ የእምነት ክህደት ቃል ስጠየቅ የገጠመኝን እዚህ ላነሣው እወዳለሁ። «ክህደት» የሚለው ቃል በእኛ ቋንቋ ውሸትና ከዳተኝነት ስለሚሸት፣ ለእውነት የሚጨነቅ ሰው ከእሱ ሲሸሽ ሳያስበው ወደ «እምነት» ይገባል። እኔም «አዎ፣ ገፍቼዋለሁ» ልል አፌን ስከፍት፣ ያን ጊዜ የቀጠርኩት ጠበቃ ቀደም ሲል የነገረኝ ትዝ አለኝ፦ የሚጠየቀው የክሱን ፍሬ ነገሮች በሙሉ መቀበልና አለመቀበል እንጂ እጅ መሰንዘርና አለመሰንዘር አይደለም። ስለዚህ በተባለው ሁኔታ ድርጊቱን እንዳልፈጸምኩና ጥፋተኛ እንዳልሆንኩ ተናገርኩ።

የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ሁለት ነበሩ። ጠበቃዬ በመስቀለኛ ጥያቄ ሁለቱንም የጠየቃቸው «ከመውደቁ በፊት የማን እጅ በማን ልብስ ላይ ነበር?» የሚለውን ነው። አንዱ አላየሁም አለ፤ ሌላው ጥቂት አመንትቶ «የእሱ እጅ፣ የተከሳሹ ኮሌታ ላይ» ብሎ መለሰ። ለእኔ ጉዳዩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን በተከሳሹ ቃል ላይ የሰፈረው «ገፍትሬ ጣልኩት» ገና ምላሽ ይሻል በማለት ተከላከል ሲል በየነ። ይህች ግሥ ባትኖር ኖሮ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 መከላከል ሳያስፈልገኝ በነፃ ልሰናበት እችል ነበር ብሎ ጠበቃዬ ዛሬም ያምናል። እኔ ይህን ያህል እርግጠኛ አይደለሁም።

የመከላከያ ምስክር ፍለጋው ከሁሉም አሰልቺው ሥራ ነበር። በዕለቱ በመንገድ ያለፈችውን አንዲት ሴት ሁለት ቀጠሮ ካመለጠን በኋላ አገኘናት፤ ኮሌታዬ መያዙንና የሸሚዙ ቁልፍ ተበጥሶ መውደቁን መሰከረች። ሸሚዙን እኔ ቀደም ብዬ አጥቤ ሌላ ቁልፍ አስተክዬበት ስለነበር በማስረጃነት ላቀርበው አልቻልኩም።

በሰባተኛው ወር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ስለ ሕጋዊ መከላከል የተደነገገው ተጠቅሶ በነፃ ተሰናበትኩ። የፍርዱን ግልባጭ ወስጄ፣ ያን ጊዜ ሳላነብ የፈረምኩትን ወረቀት እያሰብኩ፣ ከበሩ ሳልወጣ ቆሜ አነበብኩት። በሦስተኛው ገጽ «ተከሳሹ ለፖሊስ በሰጠው ቃል ገፍትሮ መጣሉን የገለጸ ቢሆንም» ይላል።