ሸናንዶዋ ላይ በትዩብ፦ ሁለተኛው ጉዟችን እንዴት አማረ

ባለፈው ሐምሌ አሥራ አንድ ሰው ሆነን ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ተነስተን ሸናንዶዋ ወንዝ ላይ በትዩብ፣ ማለትም በአየር በተነፋ ትልቅ ጎማ፣ ስንንሳፈፍ ዋልን። ሁለተኛ ጊዜያችን ነው። የመጀመሪያው ጥሩ አልነበረም።

ያኔ የሄድነው ነሐሴ መጨረሻ፣ ፍልሰታ ተፈቶ ለሁሉም ሲመች ነው። ወንዙን ያየ ሰው አልነበረም። ውሃው ጎድሎ ድንጋዩ ወጥቷል፤ ትዩቡ በየጊዜው ይያዛል፣ እንወርዳለን፣ እየጎተትን እንሄዳለን፣ ደግሞ እንቀመጣለን። ሦስት ሰዓት ያልነው ስድስት ሰዓት ፈጀ። የምንጠጣው ውሃ መንገድ ላይ አለቀ። የአክስቴን ትንሿን ልጅ ፀሐይ መታትና አስመለሳት፣ ስልክ አይሰራም። ያን ዕለት የደነገጥኩትን ድንጋጤ አልረሳውም።

መኪናውንም ተሳስተን ነበር ያቆምነው። መውጫው ካርታው ላይ ወደ ታች ነው ብለን ወደ ደቡብ ወሰድነው፤ ሸናንዶዋ ግን እንደ አባይ ወደ ሰሜን ነው የሚፈሰው። ዳር ላይ ቆሜ አንድ ቅጠል ተንሳፍፎ በተቃራኒው ሲሄድ ነው የነቃሁት።

ዘንድሮ ከወንዙ ጀመርኩ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ሉሬይና ፍሮንት ሮያል ላይ የውሃ መለኪያ አለው፤ ከፍታውን በኢንተርኔት በነፃ ታያላችሁ። ቁጥሩ ብቻውን ምንም ስለማይነግር ትዩብ የሚያከራዩት ጋ ደውዬ «ዛሬ ለማይዋኝ ሰው ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኩ። ይቺን ጥያቄ አትተዉ። ከእኛ አሥራ አንድ ሰው የሚዋኘው አራት ብቻ ነው፣ ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ነው ያደግነው። ተራራው ላይ ዘንቦ ውሃው ከደፈረሰና ከሞላ ደግሞ ሰማዩ ቢጠራም መቅረት ነው።

መንገዱ ቀላል ነው፤ በሃይዌይ 66 ፍሮንት ሮያል ድረስ፣ ከዚያ በ340 ወደ ደቡብ ቤንተንቪል። አከራዮቹ በአውቶቡስ ወደ ላይ ወስደው ያወርዷችኋል፣ እናንተ ተንሳፍፋችሁ መኪናችሁ ጋ ትደርሳላችሁ። ሁለት መኪና ማመላለስ ቀረልን።

ላይፍ ጃኬት ሁሉም ሰው፣ ጎበዝ ዋናተኛም ጭምር፣ ታጥቆ ነው የገባው። በዚህ አልደራደርም። እግር ላይ የታሰረ ጫማ፣ ሸበጥ አይሆንም። የወደቀ ሰው ውሃው በሚሮጥበት ቦታ ለመቆም አይሞክር፤ እግሩ ድንጋይ ስር ከተያዘ ውሃው ይደፋዋል። በጀርባ ተኝቶ፣ እግርን ወደ ፊት አድርጎ መፍሰስ ነው። ዝቅ ብለው የተሠሩ ድልድዮችም አሉ፤ ቀድሞ ወደ ዳር ወጥቶ በእግር ማለፍ ይሻላል። ይህን ሁሉ ከመግባታችን በፊት ለእናቴ በአማርኛ፣ ለልጆቹ በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው።

ዳቦ ቆሎና ብርቱካን፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ሊትር ውሃ። ቁልፉን ውሃ በማያስገባ ከረጢት።

ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ መተኛት ነው። በአንድ በኩል የብሉ ሪጅ ተራሮች፣ በሌላው የማሳኑተን ተራራ፣ መሀል ላይ ውሃው ቀስ ይላል። ትዩቦቻችንን በእጅ ተያይዘን እናቴን መሀል አደረግናት። በ62 ዓመቷ ወንዝ ውስጥ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እጄን ጨምድዳ ይዛ ነበር። ቆይታ ለቀቀችኝና ጣቶቿን ውሃው ውስጥ ነከረች።