የምንጣፉ ጭቃ

ከከተራ፣ ከጥምቀት ዋዜማ ጀምሮ አንድ ነገር ውስጤን እየበላኝ ነው። ዛሬ ልጻፈው።

ጥር 10 ምንጣፍ ከሚያነጥፉት ወጣቶች አንዱ ነበርኩ። ከተራን ባሕር ዳር ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል። ታቦቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርድ ካህናቱ በሚረግጡበት ሁሉ ቀይ ምንጣፍ ይነጠፋል። ያለፉበት ወዲያው ይጠቀለላል፤ በትከሻ ተይዞ በሩጫ ወደ ፊት ይሄዳል፤ እንደገና ይዘረጋል። ላብ ነው፣ አቧራ ነው፣ እልልታ ነው። ደስ ይላል። እኔ ግን ካሜራ የያዘ ሰው ባየሁ ቁጥር ወደዚያው ጠጋ እል ነበር። ማታ ቤት ገብቼ ከጸሎት በፊት ስልኬን ከፈትኩ። ፎቶዬ ፖስት ተደርጎ ይሆን ብዬ ነው። ተደርጓል። ስንት ላይክ እንዳገኘ ሦስቴ አየሁ።

ጥር 13 የረሳሁትን ጃኬት ልወስድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከአዳራሹ ጀርባ አንዲት እናት በባዶ እግራቸው ምንጣፉ ላይ ቆመው ይረግጡታል። ኦሞው አረፋ አውጥቷል፤ ከሥር የሚወርደው ውሃ ግን ቡና ይመስላል። ጭቃ አለው፣ የቀለጠ ጧፍ አለው፣ የተጣበቀ ማስቲካ አለው። ማስቲካውን ጎንበስ ብለው በቢላ ጫፍ ይፍቁታል።

እኛ አንጣፊዎቹ ከ30 በላይ ነን። አንዳችንም እዚያ አልነበርንም። ለማጠብ ኑ የሚል መልእክት ደርሶኝ ነበር። ሥራ አለብኝ ብዬ መለስኩ። ሥራ አልነበረብኝም።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ በዚያ በኩል ያዝልኝ» አሉኝ።

ያዝኩ። ውሃ የጠጣ ምንጣፍ እንዴት እንደሚከብድ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ጠምዝዘን ጠምዝዘን አጥሩ ላይ ሰቀልነው። ወዲያው እጄን ሱሪዬ ላይ ጠራርጌ ስልኬን አወጣሁ።

«እማማ፣ አንድ ጊዜ ወደዚህ ይዩ።»

«ተው ልጄ፣ ይልቅ ፀሐይዋ ሳትሄድብን ያንን ሁለተኛውን አምጣው» አሉና ወደ ባልዲያቸው ዞሩ።

በሐፍረት ፊቴ ጋለ። ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታ ስለ ምጽዋት፣ ስለ ጸሎትና ስለ ጾም ያስተምራል። ሰው እንዲያይላቸው ብለው ስለሚያደርጉት በሦስቱም ላይ የሚለው አንድ ነው፦ ዋጋቸውን ተቀብለዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲነበብ ሰምቼዋለሁ፤ ቁጣ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳነበው የሒሳብ ቋንቋ ሆኖ ይሰማኛል። የፈለግኸውን አገኘህ፤ ሒሳቡ ተዘጋ። እኔም የከተራን ዋጋ ያን ማታ ከስልኬ ላይ ተቀብዬ ጨርሻለሁ። ያስፈራኝ ይሄ ነው።

የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት በዓል ዘጌ ሄድኩ። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። እዚያ ያለው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው። በላዔ ሰብእም እዚያ አለ። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ መንገድ ላይ በእመቤታችን ስም ለለመነው አንድ የተጠማ ድሃ ጥርኝ ውሃ ሰጠ። ሞቶ ነፍሱ ስትመዘን ያቺ ጥርኝ ውሃ ሚዛን ደፋች። ስለ እመቤታችን ምልጃና ቃል ኪዳን ስንት ጊዜ ተሰብኮልናል። እኔ ያን ቀን ቆሜ ያሰብኩት ስለ መንገዱ ነው። ለማኙና ሰጪው ብቻ ነበሩ። አይቶ የሚያመሰግን ሰው የለም። ሰውዬው ራሱ ትልቅ ነገር ሠራሁ ብሎ ያሰበ አይመስለኝም።

ስመለስ ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። «አባ፣ ልቤ እስኪጠራ ከአገልግሎት ልውጣ?» አልኳቸው።

«እንዳታደርገው!» አሉኝ። «ልብህ እስኪጠራ ከጠበቅህ ሞት ይቀድምሃል። ምንጣፉን አንጥፍ። ግን ሌላ አንድ ሥራ ያዝ፤ ለእኔም እንኳ እንዳትነግረኝ።»

ልክ ናቸው እላለሁ። «ለታይታ ከሚሆን ይቅር» ብለው የቀሩ ጓደኞች አሉኝ። አገልግሎቱ ሲቀር ቅዳሴውም አብሮ ቀረ። ባሰብኳቸው ቁጥር አዝናለሁ።

አሁን አንድ ሥራ ይዣለሁ። ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ነገ ሌሊት 11 ሰዓት መነሳት አለብኝ፤ ልተኛ።