ባሕር ዳር ላይ የተቀዳ ኢኢጂ፦ የትኛው የአንጎል ክፍል የትኛውን ይቀድማል?

ኢኢጂ የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከራስ ቆዳ ላይ መቅጃ ነው፤ ጥያቄዬም አንድ ነበር። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲያርፍ ከ8 እስከ 13 ኸርዝ የሚመታው የአልፋ ሞገድ ከኋለኛው አንጎል ወደ ፊተኛው ይሄዳል ወይስ ከፊት ወደ ኋላ? ለመለኪያ የያዝኩት የግሬንጀርን ስሌት ነው። ክላይቭ ግሬንጀር እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረበው ለኢኮኖሚ ቁጥሮች ቢሆንም ሐሳቡ ለአንጎልም ይሆናል፦ «ለ»ን ከራሱ ያለፈ ጊዜ ብቻ ከመተንበይ የ«ሀ»ን ያለፈ ጊዜ ጨምሮ መተንበይ ስህተቱን ከቀነሰው፣ «ሀ» «ለ»ን ይቀድማል።

ስሌቱ ራሱ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ድካሙ ከዚያ በፊት ነው፤ የሚጀምረውም ከጸጉር።

ቅቤ ወይም ዘይት የተቀባ ጸጉር ላይ ኤሌክትሮዱን (መቅጃውን) ከቆዳው የሚያገናኘው ጄል ቆዳውን አያገኝም። ስለዚህ ተሳታፊዎች በዋዜማው በሻምፑ ታጥበው፣ ምንም ሳይቀቡ እንዲመጡ ይነገራቸዋል። ሹሩባ የሚሠሩ ሴቶች ቆዳው የሚታይበት መስመር ኤሌክትሮዶቹ በሚያርፉበት ረድፍ ላይ እንዲውል አስቀድመው ቢያሠሩት ኤሌክትሮዶቹን የያዘው ኮፍያ በደንብ ይቀመጣል። ከሥሩ ወፍራም ጉንጉን ካለ ኤሌክትሮዱ ተንሳፎ ይቀራል። 64ቱም ኤሌክትሮዶች ከቆዳው ጋር ያላቸው የኤሌክትሪክ መቋቋም ከ10 ኪሎ ኦም በታች እስኪወርድ አልጀምርም።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ላብ ያስቸግራል፤ ከ0.5 ኸርዝ በታች ቀስ ብሎ የሚዋልል ሞገድ ይጨምራል። ማለዳ መቅዳት ይሻላል። ላፕቶፑም አምፕሊፋየሩም በባትሪ ይሥሩ። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ከተነሳ ቅጂው ይቁም፦ የመብራት መስመሩ ሁካታ 50 ኸርዝ አካባቢ ይቆያል፣ የትንሽ ጄኔሬተር ግን እንደ ጭነቱ ስለሚዋዥቅ ፊልተሩ አይዘውም።

የአንጎልን መግነጢሳዊ መስክ የሚለካውን ኤምኢጂም ተጠቅሜያለሁ፤ እሱን ግን እዚህ አልቀዳሁም። ስኩዊድ የሚባሉት ዳሳሾች በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች ወደ 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛሉ፤ ከውጭ መግነጢስ የተከለለ ክፍልም ይፈልጋሉ። የአንጎልን ትስስር የሚያጠናው የሂዩማን ኮኔክቶም ፕሮጀክት ለተመራማሪዎች የለቀቀውን የ248 ዳሳሽ ቅጂ ተጠቀምኩ። ያ አሜሪካ የተቀዳ ስለሆነ የመብራት ሁካታው 60 ኸርዝ ላይ ነው፤ ለባሕር ዳር የተጻፈ ኮድ እንዳለ ቢሄድበት 50 ላይ ያለውን ንጹሕ ሲግናል ቆርጦ ሁካታውን ይተወዋል።

የስድስት ደቂቃ ቅጂ ወደ 200 ኸርዝ (በሰከንድ 200 ንባብ) ወርዶ በሁለት ሰከንድ ሲቆራረጥ 180 ቁራጭ ይሆናል፤ ከ1 ኸርዝ በታች ያለውን አጣራለሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ የሚፈልገው አልፋን ስለሆነ ሲግናሉን ከ8 እስከ 13 ኸርዝ ብቻ ያስቀራል። ጥንቃቄ ይመስላል፣ ግን ካለፈው ጊዜ የሚተነብየውን ሞዴል ያበላሻል። ጠባብ ፊልተር ያለፈበት ሲግናል በአጭር ሞዴል አይገለጽም። ሰፊውን ሲግናል ይዞ ሞዴሉን መሥራት፣ ከዚያ ጆን ጌዊክ እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው መንገድ ውጤቱን በፍሪኩዌንሲ ዘርዝሮ የአልፋውን ክፍል ማንበብ ነው። 20 እርምጃ ያለው ሞዴል 100 ሚሊሰከንድ ወደ ኋላ ያያል፤ ይህም የ10 ኸርዝ ሞገድ አንድ ሙሉ ዙር ነው። ለስድስት የአንጎል ክፍሎች 6 በ6 በ20፣ ማለትም 720 ቁጥሮች ይገመታሉ። 64ቱንም ቻናል (የየኤሌክትሮዱን ሲግናል) ካስገባን 81,920 ይሆናሉ።

በቻናል ላይ ላለመሥራት ሌላም ምክንያት አለ። በአይሲኤ (የተቀላቀሉ ሲግናሎችን በሚለያይ ስሌት) የተወገደ የዓይን ጥቅሻ፣ የጋራ አማካይ ማጣቀሻ፣ በግምት የተሞላ የተበላሸ ቻናል፣ እያንዳንዳቸው ከነፃዎቹ ቻናሎች አንድ አንድ ይበላሉ። ይህን ሳያውቁ 64ቱን መስጠት ስሌቱን ያስቆማል፣ ወይም ትርጉም የሌለው ትልቅ ቁጥር ያስወጣል።

ከሁሉም የሚከፋው ቅልቅሉ፣ ማለትም የአንድ ምንጭ ሲግናል ብዙ ኤሌክትሮዶች ላይ መድረሱ፣ ነው። ጣና ላይ ሁለት ታንኳዎች አብረው ሲወዛወዙ አንዱ ሌላውን ገፋው አይባልም፤ ከሥራቸው ያለፈው ማዕበል አንድ ነው። የራስ ቅልም እንዲሁ ያደርጋል። ኤምኤንኢ-ፓይተን በሚባለው የመተንተኛ ሶፍትዌር መደበኛ ሞዴል ውስጥ የቅሉ ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት 0.006፣ የአንጎሉ 0.3 ሲመንስ በሜትር ነው፤ ኤሌክትሪኩ ተበትኖ ነው የሚወጣው። ለኤምኢጂ ቅሉ ብዙ እንቅፋት አይሆንም፣ የመግነጢሱ መስክ ግን እሱም ብዙ ዳሳሾች ላይ ይደርሳል። ከዳሳሾቹ አስልቶ አንጎል ውስጥ ወዳለው ምንጭ መመለስ ቅልቅሉን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ሁለቱ ክፍሎች የሁካታ መጠናቸው ከተለያየ፣ ቅልቅሉ ብቻውን ከንጹሑ ወደ ሁካታማው የሐሰት የቀዳሚነት ቀስት ያወጣል።

ስለዚህ ጊዜውን እገለብጣለሁ። ቅጂው ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ሲነበብ እውነተኛ ቀዳሚነት አቅጣጫውን መቀየር አለበት፤ ሳይቀየር ከቀረ ቀስቱን እጥለዋለሁ። ቀጥሎ የአንዱን ክፍል ቁራጮች ከሌላው ጋር 1,000 ጊዜ አዘበራርቄ በአጋጣሚ ምን ያህል እንደሚወጣ አያለሁ፤ ለ15ቱ ጥንዶችም እርማት አደርጋለሁ።

ይህን ሁሉ ያለፈ ቀስት እንኳ አንድ ነገር ውድቅ አያደርግም፦ በአንጎል መሃል ያለውን ታላመስን። ጥልቅ ስለሆነ ከራስ ቆዳ ላይ በደንብ አይታይም፤ ለኋለኛው ክፍል ቀድሞ፣ ለፊተኛው ዘግይቶ ቢልክ፣ ጊዜ መገልበጡም ይህን አይለይም። ውጤቱን ስጽፍ «ይቀድማል» እላለሁ፤ «ያዛል» አልልም።