«አንተ» ወይስ «አንቺ»፦ አንድ ፊልም ለእናቴ ስተረጉም

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውንና በዓመቱ የውጭ ቋንቋ ፊልሞችን ኦስካር ያሸነፈውን «ድንቅ ሴት» የተባለ የቺሊ ፊልም በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሳሁት፣ ትራንስጀንደር የሆነች፣ ማለትም ስትወለድ ወንድ ተብላ በሴትነት የምትኖር የሥራ ባልደረባዬ ቤታችን ምሳ በልታ ከሄደች በኋላ እናቴ «ልጄ፣ አንተ ነው የሚባለው ወይስ አንቺ?» ብላ ስለጠየቀችኝ ነው። «አንቺ» ብዬ መለስኩላት፤ ነገር ግን ከቃሉ ጀርባ ያለውን ሕይወት እንድታይ ፈለግሁ።

ማሪና በሳንቲያጎ በአስተናጋጅነትና በዘፋኝነት የምትኖር ትራንስጀንደር ሴት ናት። አብሯት የሚኖረው ኦርላንዶ በድንገት ሲሞት ቤተሰቡ መኪናውን ያስመልሳታል፣ ቤቱን ያስለቅቃታል፣ ውሻዋን ይወስድባታል፣ ከለቅሶውም ያባርራታል። ማሪናን ሆና የተጫወተችው ዳንኤላ ቬጋ ራሷ ትራንስጀንደር ናት፤ ዳይሬክተሩ ሴባስቲያን ሌሊዮ መጀመሪያ ያነጋገራት ለምክር ነበር።

የተረጎምኩበት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወንዱንም ሴቷንም በአንድ ቃል ይጠራል። በአማርኛ ግን ጾታው ግሱ ውስጥ ስላለ፣ በአክብሮት «እርስዎ» ካላሉ በቀር «ና» ወይም «ነይ» ሳይሉ ሰው መጥራት አይቻልም። በመጀመሪያው ረቂቅ ማሪናን ላለማስከፋት ብዬ በሁሉም ሰው አፍ «አንቺ» አደረግሁት፤ ስህተቴ ይህ ነበር። መታወቂያዋን አይቶ በወንድ ስሟ የሚይዛት ፖሊስ «አንቺ» ሲላት፣ የሚፈጽምባት በደል ከጽሑፉ ጠፋ። ስለዚህ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ለሚክዷት «አንተ»ን፣ ለሚወዷት «አንቺ»ን ሰጠሁ። የሚረዳት መስላ ቀርባ ገላዋን በግድ እንድታስመረምር ለምታደርገው መርማሪ ደግሞ «እርስዎ»ን መረጥኩ፤ አክብሮት የሚመስለው ይህ ቃል ሰውየዋን ማን እንደሆነች ሳይቀበሉ ለማነጋገር ያመቻልና። የማሪና የራሷ ንግግር ግን አንድም ቀን አላስቸገረኝም፤ «ወደድኩት»፣ «ልሰናበተው» ስትል አማርኛው ወንድ ነሽ ሴት ብሎ አይጠይቃትም። ይህን ስገነዘብ ብዙ ሰዓት ሥራ አቁሜ ተቀመጥኩ።

ሌላው የተማርኩት ነገር ጊዜን ይመለከታል። ግሳችን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚመጣ፣ ረጅሙን ንግግር ለሁለት ስከፍለው ስድቡ የሚታወቀው ተናጋሪው ከስክሪኑ ከጠፋ በኋላ ሆነ። ስለዚህ «ለመሆኑ አንተ ምን እንደሆንክ» የመሰለውን ንግግር «ምንድን ነህ?» እያልኩ አሳጠርኩት፤ እናቴም ቀስ ብላ ስለምታነብ እያንዳንዱን ጽሑፍ ትንሽ አቆየሁት።

ማሪና ከለቅሶው ስትባረር እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ለቅሶ የመጣ ሰው ይባረራል? ጠላት እንኳ ይገባል እኮ!» አለች። ፊልሙን አቁሜ እስክትቀመጥ ጠበቅኋት። ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠችና፣ «ቀጥይው» አለችኝ፤ «ውሻዋን እንኳ ይመልሱላት እንደሆነ ልይ።»