ቫልቭ በቧንቧ ልክ አይገዛም

የመጀመሪያውን የስቲም (የእንፋሎት) ግፊት መቀነሻ ቫልቭ የመረጥኩት በአምስት ደቂቃ ነው። ቧንቧው ባለ 50 ሚሊሜትር ስለሆነ ባለ 50 ቫልቭ አዘዝኩ። ሻጩም "ተለቅ ቢል ምን ይጎዳል?" አለኝ። አመንኩት። እስካሁን ያናድደኛል።

ከቦይለሩ የሚመጣው 10 ባር ግፊት ወደ 3 መውረድ ነበረበት። ፍጆታችን ቢበዛ በሰዓት 1000 ኪሎ ስቲም ነው። ቆረጣውና ገጠማው በአንድ ቀን አለቀ።

ስቲሙን ስንለቀው የጌጁ (የግፊት መለኪያው) ቀስት አንዴ 2 አንዴ 4 ላይ ይዘላል። ቫልቩ ይንቀጠቀጣል። ፍጆታ ሲቀንስማ ጭራሽ ባሰበት። ስፕሪንጉን ሳጠብቅ ሳላላ ሳምንታት አቃጠልኩ። በመጨረሻ ስንፈታው መቀመጫው (መዝጊያው የሚያርፍበት) ላይ በቀጭን ሞረድ የተፋቀ የሚመስል ቦይ አየሁ። ቫልቩ ሁሌም የሚከፈተው በጣም በትንሹ ነበር። በዚያች ጠባብ ክፍተት እርጥብ ስቲም እየተወረወረ ብረቱን በልቶታል።

ወረቀት ይዤ የተቀመጥኩት ያኔ ነው። ጌጅ የአየሩን ግፊት ስለማይቆጥር 1 ባር ይደመራል፦ 11 እና 4። መውጫው ከመግቢያው 58 በመቶ ገደማ በታች ከወረደ ፍሰቱ ጣሪያው ላይ ደርሷል። የእኔ 4 ከዚያ በታች ነው፤ ስለዚህ ለሳቹሬትድ ስቲም (በመፍያው ሙቀት ላይ ላለ) ስሌቱ አጭር ነው፦ 1000ን በ12 (የቀመሩ ቋሚ ቁጥር) ከዚያም በ11 ማካፈል። ኬቪ (የቫልቭ የማሳለፍ አቅም መለኪያ) 7.6 ወጣ። ኬቪው 10 የሆነ ባለ 25 ቫልቭ ይበቃ ነበር። የእኔ ባለ 50 ግን ኬቪው 40 ነበር!

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ያ ቫልቭ ተከፍቶ ቢቀር በሰዓት ከ5000 ኪሎ በላይ ይለቅ ነበር። ሴፍቲ ቫልቩ (ግፊት ሲበዛ ስቲም የሚያስወጣው) ደግሞ የተመረጠው ለ1500 ነው። ሰዎች በየቀኑ አጠገቡ ይሠሩ ነበር።

አሁን ባለ 25 ገብቷል። ከቫልቩ በኋላ ያለውን ቧንቧ ወደ 80 አሳደግነው፤ ስቲም ግፊቱ ሲወርድ ወደ 2.6 እጥፍ ይሰፋልና። ከቫልቩ በፊት ውሃ የሚለይ ሴፓሬተር ከነትራፑ (ስቲሙን ይዞ ውሃውን የሚያስወጣው) አስገባን።

"ለወደፊቱ" እያላችሁ ቫልቭ አታሳድጉ። ፍጆታችሁ በጣም የሚዋዥቅ ከሆነ ትንሽና ትልቅ ሁለት ቫልቭ ጎን ለጎን ግጠሙ። ብዙ ሥዕል ላይ የሚታየውን ባይፓስ (ቫልቩን ዘሎ የሚያልፍ ቧንቧ) እኔ አስነቅዬዋለሁ። አንድ ሰው ረስቶ ክፍት ቢተወው 10ሩ ባር በቀጥታ 3 ባር የሚችለው ዕቃ ላይ ይወርዳል።