ኮምፒውተር የማይተካው የመስታወት ማጣሪያ

ሰማይን ኮምፒውተር ላይ ማጥቆር ቀላል ነው፤ ውኃው ላይ ያረፈ ነጸብራቅ የሸፈነውን ግን ፎቶሾፕ ከየት ያመጣዋል? ለዚህ ፖላራይዘር፣ ማለትም ሌንሱ ፊት የሚገጠም ነጸብራቅ ቀናሽ ማጣሪያ፣ ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ከጣና በስተደቡብ ስለሆነች፣ ጠዋት ወደ ሰሜን ሲያነሱ ፀሐይ ከሞላ ጎደል 90 ዲግሪ ላይ በቀኝ ትሆናለች፤ ፖላራይዘር አብዝቶ የሚሠራውም ያኔ ነው። ቀለበቱን እያዞሩ ደንገሉ ሥር ያለው ውኃ ሲጠራ ያቁሙ። እስከ 2 ስቶፕ ብርሃን ይበላል (እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል)። ከ24 ሚሊሜትር ባነሰ፣ ሰፊ እይታ ባለው ሌንስ ግን ሰማዩ በአንድ በኩል ጠቁሮ በሌላው ይነጣል፤ ያስጠላል።

የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ውኃ ለስልሶ እንዲታይ ባለ 6 ስቶፕ ኤንዲ (ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር ማጣሪያ) ይበቃል፤ 1/60 ሰከንድ የነበረው የማንሻ ጊዜ ወደ 1 ሰከንድ ያህል ይረዝማል። ትሪፖድ ግድ ነው። ፎከሱን ማጣሪያው ሳይገጠም ይያዙና ወደ ማንዋል ይቀይሩ። ለቦታው ስም ያወጣለት ያ «ጢስ» መስታወቱን ያረጥባል፤ ደረቅ ጨርቅ ሁለት ይያዙ።